ስድብ የናፈቀው ዳኛ

ሰፈሩ "ፊሽካው" ይለዋል። በአዘቦት ቀን ቁልፍ ይቀርጻል፣ እሁድ እሁድ የሰፈሩን ጎልማሶች ኳስ ያጫውታል። ቁልፉ እንጀራው ነው፤ ዳኝነቱ ግን ስድብ ብቻ ነው የሚያተርፍለት፣ እሱ ደግሞ ለስድቡ ሟች ነው! "ዕውር!" ሲሉት መነጽሩን አውልቆ ይወለውልላቸዋል። "ጉቦ በልተሃል!" ሲሉት "አንተ መቼ ሰጠኸኝና?" ይላል።

ከዚያ ያ የነርቭ በሽታ መጣበት፤ መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይሉታል፣ ስሙ ራሱ ምላስ ያስራል። አንድ ቀን ግራ እግሩ አልታዘዝም ይላል፣ ሌላ ቀን አንዷ ኳስ ሁለት ትሆንበታለች፤ ሙቀት ከነካውማ ጉልበቱ ሙልጭ ብሎ ያልቃል። ሚስቱ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሜዳው ዳር ጃንጥላ ተክላ፣ ከፍ ያለ ወንበር አቅርባ፣ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠመጠመችና "በል አጫውት!" አለችው። ሩጫውን መስመር ዳኞቹ ተረከቡለት።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ስድቡ ቀረ። ፊሽካ በነፋ ቁጥር "እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ" ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጨቀጭቀው የኖረው በረኛው ዳቦ ጋጋሪ እንኳ ከጎሉ ድረስ እየመጣ "ውሃ ላምጣልህ?" ይለው ጀመር።

"በቁሜ ቀበሩኝ እኮ!" አላት ሚስቱን፣ ከልቡ አዝኖ።

"ታዲያ አናዳቸዋ!"

በሚቀጥለው እሁድ ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ እያለች ፊሽካውን ነፋና በዳቦ ጋጋሪው ቡድን ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ተጫዋቾቹ ተያዩ።

"ዓይኑ ነው፣ ተዉት" አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

አጥቂው መታ፤ ገባች። ዳቦ ጋጋሪው እንደ ግንድ ቆሞ አሳለፋት፣ ትንፍሽም አላለ። ፊሽካው ሆዱ ባባ። በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ። እንደ መጨረሻ ሙከራ አንዴ ደግሞ ነፋ።

"ይደገም! በረኛው ተንቀሳቅሷል!"

"እኔ?" ዳቦ ጋጋሪው ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። "እኔ ተንቀሳቀስኩ? አንተ ዕውር! በሽታህን ሰበብ እንዳታደርግ ደግሞ፣ ደህና ሳለህም ይቺው ነበረች ሥራህ!"

መስመር ዳኛው አፉን በእጁ ያዘ። ፊሽካው ኪሱን ዳብሶ ቢጫ ካርድ አወጣ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ ጥርሱ ግን አልከደን ብሎታል።

"ለዚህ ሁሉ ስድብ ቢጫ ብቻ?" አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ እንደተቆጣ።

"ቀይ ብሰጥህማ ትሄድብኛለህ።"

ዳቦ ጋጋሪው ጓንቱን አነሳና ወደ ጎሉ እየተመለሰ ጮኸ፦

"ከዛሬ ጀምሮ ውሃህን ራስህ አምጣ!"