መቶ በመቶ የታደሰው ቤት

አጸደ በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለውን አሮጌ ቤት ፎቶ ታነሳለች። ሁልጊዜ ከግራ ነው፤ በስተቀኝ ጣሪያው ወድቋል። ፎቶው ወዲያው በምትሠራበት የመንገድ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ «ቅርሳችንን ጠብቀን እናለማለን» ከሚል ጽሑፍ ጋር።

ከሚዛን ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ መሃሏን በሚያቋርጣት በዚህች ከተማ አስፋልቱ እየሰፋ ነው። ቤቱን ከሰባ ዓመት በፊት አንድ ቡና ነጋዴ በዋንዛ እንጨት አሠራው። በረንዳው ላይ ኸይሩ የሚባል ልብስ ሰፊ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ቤቱ በልማቱ እንዲጠበቁ ከተመረጡት አራት ቤቶች አንዱ ስለሆነ ኸይሩ ሌላ ቦታ አልፈለገም።

አጸደ የጽሕፈት ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ናት። በእሷ ዜና ነዋሪው ሳይጠየቅ ይደሰታል፤ እንግዳው ሳይመጣ አድንቆ ይሄዳል። በሰኔ የዓመቱ ሪፖርት ሲጠየቅ «የቤቱ እድሳት መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብላ ጻፈች። እድሳቱ ሐምሌ ላይ ይጀመራል ስለተባለ ውሸት አልመሰላትም፤ ትንሽ የቀደመ እውነት እንጂ። ጽሕፈት ቤቱ ዋንጫ ተሸለመ።

ከዚያ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ዝርዝሩን አስተካከለ። የተጠናቀቀ ሥራ «ሊታደሱ የተጠበቁ» ከሚለው ዝርዝር ይሰረዛል። ዝርዝሩ ላይ የሌለና መንገዱ የሚነካው ቤት ደግሞ ይፈርሳል። ሁሉም ሰው ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል።

አጸደ የሚፈርሱትን ቤቶች ማስታወቂያ እንድትለጥፍ የተሰጣት ማክሰኞ ነው። ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ገባች።

«አቶ ኃይለሚካኤል፣ ቤቱ አልታደሰም እኮ። በመስኮት ይታያል።»

ኃላፊው ወደ መስኮቱ አልዞሩም። «ታድሷል ያለው ማነው?»

«እኔ።»

«ዋንጫውስ የት ነው ያለው?»

«እርስዎ ጠረጴዛ ላይ።»

«ታዲያ አጹ፣ አሁን እሱን ተሸክሜ ልመልስ?»

መንገዱን ተሻገረች። ኸይሩ ሱሪ እያሳጠረ ነበር።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ቤቱ ሐሙስ ይፈርሳል።»

«ትናንት በጣም ደስ ብሎኛል ብዬ የለ? ልጄ ሐፍሳ ከስልኳ አነበበችልኝ። ወላሂ፣ እንደዚያ አሳምሬ መናገር እንደምችል አላውቅም ነበር።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ያጣሁት መሰለሽ! 'ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ' የሚባል ነገር እኔ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ?» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «በይ አሁን ደግሞ አልተደሰተም ብለሽ ጻፊ።»

አጸደ ቢሮ ተመልሳ በራሷ ስም ደብዳቤ ጻፈች፦ «በሰኔ ያቀረብኩት ሪፖርት ሐሰት ነው። ቤቱ አልታደሰም። እንዳይፈርስ እጠይቃለሁ።» በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ የጻፈችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነበር። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጠው፤ ማኅተሙም አላነሰውም።

ደብዳቤውን የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ነው። ዶዘሩ የሚገባው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ኸይሩ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናውን ወደ ሐፍሳ ቤት ይወስዳል።