በየሺዓለም ቤት የማይነሳ ቃል

ወይዘሮ የሺዓለም ልጃቸው ዲበኩሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስፖርት ሳይንስ እንደደረሰው የሰሙ ዕለት፣ «ለመዝለል ደግሞ አራት ዓመት?» ብለው ነበር። ምን ያድርጉ! እሳቸው ሐኪም ሲጠብቁ ዘላይ ደረሳቸው። ዲበኩሉም ቢሆን ወዶ አልገባበትም፤ ሰባተኛ ምርጫው ነበር። አንድ ቀን ግን መምህሩ የእግርን አጥንትና ደም ሥር በሥዕል ሲያሳዩ አባቱ ትዝ አሉት፤ ልቡም እዚያው ቀረ።

አባቱ አቶ አብተው የናዝሬት ሹፌር ነበሩ። እግራቸው ሲሰበር አንድ የሰፈር ወጌሻ በሸምበቆ ጠፍሮ አሰራቸው። እግሩ ጠቆረ፣ ተቆረጠ፤ ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት «ወጌሻ» የሚባል ቃል አይነሳም። ሰይጣን ቢነሳ ይሻላል።

ዲበኩሉ ተመረቀ። ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ከአባቱ ፎቶ ጎን ተሰቀለ። ሥራው ግን የት አለ? የግል ትምህርት ቤቶቹ «የሒሳብ መምህሩ ስፖርቱንም ደርቦ ይዞታል» አሉት። የአንድ ጂም ባለቤት ክንዱን ዳበስ አድርጎ «አንተን አይቶ ማን ከፍሎ ይገባል?» አለው። ቢሮ ሲሄድ «ማስታወቂያ ጠብቅ» ተባለ። ሦስት ዓመት ጠበቀ እኮ! ጓደኞቹ አግብተው ሲወልዱ እሱ ቆቃ እየተመላለሰ የቲማቲም ሣጥን ይጭናል። ተስፋው ተሟጦ፣ ጠዋት ጫማውን ማሰር እንኳ ያስጠላው ጀመር።

አንድ እሑድ ሜዳ ዳር ቆሞ የአንድ ክለብ ልምምድ ሲያይ አጥቂው ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ። ሰዎቹ እግሩን ሊጎትቱ ሲሉ ዲበኩሉ «አትንኩት!» ብሎ ዘሎ ገባ። በረዶ አስመጥቶ ያዘለት፣ አሰረው፣ እግሩን ከፍ አድርጎ አስተኛው። አሠልጣኙ ቀነዓ ጠጋ ብሎ አስተሳሰሩን አየና፣ «ወጌሻችን ለቆብናል። ዲግሪ አለህ? በቃ፣ አለቆቹን ላናግርና እደውልልሃለሁ» አለው።

ኳስ ሜዳ ላይ የተጎዳ ተጫዋች የሚያክም ሁሉ ወጌሻ ነው የሚባለው፤ ኳስ የሚያይ ሰው ይህን ያውቃል። ወይዘሮ የሺዓለም ግን ኳስ አይተው አያውቁም። የዲበኩሉ ስልክ ከተበላሸ ወር አልፎታልና የእናቱን ቁጥር ሰጠ። ቤት ሲገባ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ የአባቱን ፎቶ አየና ዋጠው።

«እማዬ፣ ክለብ ውስጥ የሕክምና ሥራ ነው። ሰው ይደውላል፤ ስልክሽን እንዳትጥዪ» ብቻ አላቸው። እሳቸውም ለገብርኤል ዣንጥላ ተሳሉ።

ክለቡ ለጨዋታ ወደ ባቱ ስለሄደ ሜዳ ሄዶ መጠየቅ እንኳ አልተቻለም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ከቆቃ ሲመለስ ገና በር ላይ «የደወለ አለ?» ይላል።

«ኧረ ማንም! ስልኩን ከጉያዬ አላወጣሁትም።»

ዓርብ ወደ ሥራ መሄድም አቃተውና ቤት ዋለ። ጎረቤታቸው ሮማነወርቅ ስትመጣ ወይዘሮ የሺዓለም ወሬ ጀመሩላት።

«ስሚ እስቲ ጉድ! ማክሰኞ ዕለት አንዱ ስድ ደውሎ ‹የወጌሻው ቤት ነው?› አይለኝም መሰለሽ! ደሜ ፈላ። ‹እዚህ ቤት ወጌሻ የለም! የኔ ልጅ ባለዲግሪ ነው! ወጌሻ ባሌን በልቶብኛል፣ ዳግመኛ እንዳትደውል!› ብዬ ጆሮው ላይ ጠረቀምኩበት።»

«እሰይ፣ ደግ አደረግሽ!» አለች ሮማነወርቅ።

ዲበኩሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ደግሞ... ደወለ?»

«ሁለቴ! ሁለተኛውንማ ማን ያነሳለታል!»

ስልኩን ተቀብሎ ጓሮ ወጣና በዚያው ቁጥር መልሶ ደወለ።

«ወይኔ ወንድሜ!» አለ ቀነዓ። «ስንት ጠበቅንህ! አንዲት እናት ሰድበውኝ ዘጉብኝ። ትናንት ሌላ ልጅ ፈረመ። ምን ላድርግ?»

ዲበኩሉ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ገብቶ መጮህ፣ ያንን ባለጋዋን ፎቶ መከስከስ አማረው። ለቅሶው እንዳይሰማ አፉን በሸሚዙ አፍኖ ቆየ። ፊቱን ታጥቦ ሲገባ እናቱ በጉጉት ቀና አሉ።

«ማን ነው ልጄ? ክለቡ ነው እንዴ?»

ስልኩን መለሰላቸው።

«አይደለም እማዬ። ሰውዬው ቁጥር ተሳስቶ ነው።»

«አላልኩም!» አሉና ስልኩን ጉያቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ። «አይዞህ፣ ይደውላሉ።»