ከአያትየው ጀምር

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ መካኒሳ ሰፈር ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ አሮጌ ካሴቶች አቃጠለ። ሽታው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩት አባታችን የታላቅ ወንድሜን የሮክ ሙዚቃ ካሴቶች ያስቃጠሉበትን ቀን አስታወሰኝ።

«ሁሉም አንድ ናቸው?» ብለው ጠየቁት።

ወንድሜ ለስለስ ያሉትን የሚተዉለት መስሎት በጉጉት አስረዳቸው። «አይደሉም አባባ። ሮክ ኤንድ ሮል ሃርድ ሮክን ወለደ፤ ከሃርድ ሮክ ሄቪ ሜታል መጣ፤ ፓንክ አምፆ ለብቻው ወጣ፤ ግራንጅ ደግሞ ከሜታልም ከፓንክም ወሰደ።»

አባባ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ጎበዝ! የዘር ሐረጋቸውን አጥንተሃል። በል ከአያትየው ጀምረህ በየተራ እሳቱ ውስጥ ጨምር።»

እያለቀሰ ጨመረ።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አባባ።»

እኔ ወንድሜ ፍራሼ ሥር የደበቀውን የግራንጅ ካሴት አምጥቼ ሰጠኋቸው።

ወንድሜ አሁን ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ይኖራል። ስለዚያ ካሴት አንስቶብኝ አያውቅም።