አፈር የለበሰ እሳት

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የበጋ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቆቃ ሐይቅ በላይ ያለው የግራር ዱር ተቃጠለ። እሳቱ የተነሣው ከአዳማ ለሽርሽር የመጡ ሰዎች ሥጋ ጠብሰው ከሄዱበት ቦታ ነበር። የታሰረው ግን ከሰል አክሳዩ ዋቆ ነው።

ቤታችን አዳማ ቢሆንም፣ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲመጣ ቆቃ ወደሚኖሩት የአባቴ አጎት፣ ወደ አባባ ቱሉ፣ እላክ ነበር። አባባ ቱሉ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ግራሮቹ ላይም ቀፎ ይሰቅሉ ነበር። ያኔ፣ ፀሐይዋ ጠልቃ ፋኖሱ ገና ሳይበራ፣ ውኃው ዳር ፍም ላይ ቆሮሶ ዓሣ እየጠበሱ፣ ጭሱ ሲያስለቅሰን እየሳቁብን፣ ለእኔና ለጎረቤት ልጆች ተረት ያወሩልን ነበር። ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው የእሳትን ነው።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ እሳት አንዲት ባልቴት ቤት በእንግድነት መጣ። ደግ ነበረችና እንጨት አበላችው። ጠግቦ ሲያሸልብ አፈር አለበሰችውና ገበያ ወጣች። እንግዳው ነቅቶ የሚበላው ቢያጣ ቤቷን በላ። ነፋስ ሲጠራው ደግሞ ወደ ጎረቤት ሄደ። የተኛ እንግዳ ትቶ የሚወጣ ባለቤት አለ? እንግዳ ይሸኛል። እሳት የሚሸኘው በውኃ ነው።»

ይህን ብለው ፍሙ ላይ የሐይቁን ውኃ ያፈሱበታል፣ በእንጨት ያማስሉታል፣ ደግመው ያፈሱበታል። ከዚያ እኛ ተራ በተራ እጃችንን እንሰዳለን፤ አመዱ ቀዝቃዛ ጭቃ ካልሆነ ማንም ከቦታው አይነሣም። ተረቱ ሲደጋገምብን «አባባ፣ ባልቴቷ እስካሁን አልተማረችም?» እንላቸው ነበር። «እሷማ ተምራለች፤ ቤት የላትም እኮ!» ይሉናል።

ያን እሑድ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዱሩ ይነፍስ ነበር። ነበልባሉ ከደረቁ ሣር ወደ ግራሮቹ ሲወጣ ቆመን አየን። የቀፎዎቹ ሰም ሲነድ ሽታው ጣፋጭ ነበር፤ መናገሩ ቢያስጠላም እውነት ነው።

በማግስቱ ሹሞች መጡ። አባባ ቱሉ ወደ መጥበሻው ቦታ ወሰዷቸው፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። አጥንትና ቆርኪ ተበትኖ ነበር፤ የተቃጠለው ሣርም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አፈሩን በዱላ ሲገልጡት ሥሩ ፍም ነበር። የዋቆ ከሰል ማክሰያ ጉድጓድ ያለው ግን በወዲያኛው በኩል ነው፤ ዙሪያው ያለው ሣር አንድም አልተነካም።

«አባባ፣ ሰዎቹ እሳታቸውን አፈር አልብሰው ነው የሄዱት» አለ አንዱ ሹም። «ከሰል አክሳይ እያለ ሌላ ማን እንፈልጋለን?»

«ዋቆስ እንጨቱን የሚያከስለው ምን አልብሶ ነው? አፈር አይደል?» አሉት አባባ ቱሉ።

ሹሞቹ ዋቆን ይዘው ሄዱ። ዋቆ ክረምቱ እስኪገባ ታስሮ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። እሱ በሌለበት ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ሞጆ ገብታ ነበርና፣ እሱም ተከተላቸው። ቆቃ ዳግመኛ አልተመለሰም። ይቅርታ የጠየቀውም የለም።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ ወዲህ ስለ ብዙ ቃጠሎ ዘግቤአለሁ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁልጊዜ መጥረቢያ ይዞ የተገኘው ድሃ ነው፤ ጠብሶና ጠጥቶ የሄደውን በመኪና ተከትሎ የሚጠይቅ አላየሁም። «አላወቅንም» የሚለውንም አልቀበልም። በእናቶቻችን ቤት እሳት ማታ ይዳፈናል፤ ጠዋት ገለጥ አድርገው ጭራሮ ሲሰጡት ይነሣል። መዳፈን እሳትን ለነገ ማቆየት መሆኑን የማያውቅ የለም። ያው ሰው ሜዳ ሲወጣ ግን ፍሙን አፈር አልብሶ፣ እጁን አራግፎ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ይሄዳል። ይህ አለማወቅ አይደለም። እነዚያን የአዳማ ሰዎች ለዓመታት የኮነንኳቸው እንደዚህ እያልኩ ነው።

ባለፈው በጋ ለሥራ ቆቃ ወረድኩ። ዱሩ በነበረበት ቁጥቋጦ ወጥቷል። ሰዎቹ ሥጋ የጠበሱበት የመዝናኛ ቦታ ዛሬም እዚያው ነው፤ ድንኳን ተክለው ያደሩ ወጣቶች ጓዛቸውን ሲሸክፉ ደረስኩ። አንዲት ልጅ ወደ መዝናኛው በር ጥበቃ ዞራ «ጋሼ፣ እሳቱን ምን እናድርገው?» አለችው።

«አፈር አልብሱት፤ ይበቃዋል» አላት፤ አለበሱት።

ሐይቁ ከእግራቸው ሥር ነበር። ጀሪካናቸውን ተቀብዬ ሞላሁና፣ ያለበሱት አፈር ላይ አፈሰስኩ። ጭስና እንፋሎት እየተንሿሿ ወጣ። «ውይ! ለካ አልሞተም!» አለች ልጅቷ። ዱላ ሰጠኋት፤ እሷ እያማሰለች፣ እኔ እያፈሰስኩ፣ ጭቃ እስኪሆን ቆየን። ከዚያ እጇን እንድትሰድ ነገርኳት።

ጥበቃውን ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት።

«አባቴ ነዋ። በፊት እዚህ በር ላይ እሱ ነበር። ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።»

«ዱሩ የተቃጠለ ዕለትስ?»

«ያን ዕለትማ» አለ፣ «የአዳማዎቹ ሰዎች ውኃ በባልዲ ቀድተው ይዘው ነበር አሉ። አባቴ ነው፣ ‹አትድከሙ፣ አፈር ይበቃዋል› ብሎ ያስደፋቸው።»