የቀረው ግማሽ ፎቶ

አያቴ የጣሊያን ጦርነት ጊዜ መጽሔቶችን ይሰበስቡ ነበር። ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንኳ ዓይናቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አሮጌ ወረቀት ላይ ነው። «ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ይዘኑ እንጂ!» ትላቸው ነበር እናቴ።

አንዱ መጽሔት ውስጥ የሊማሊሞ መንገድ ሠራተኞች ፎቶ አለ፤ ግማሹ ያለበት ገጽ ተቀዶ ጠፍቷል። «ድንጋይ ፈላጩ አባቴ በጠፋው ግማሽ ነው ያለው» ይሉ ነበር።

አያቴ ሞተው አርባቸው በወጣ ሳምንት ዳባት ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ያንን ገጽ ግድግዳ ላይ አየሁት! ሰው ማናገር የማፍረው እኔ «ይስጡኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ውሰጂው ልጄ፣ ግድግዳዬን ብቻ እንዳትንጂብኝ» አሉኝ የቤቱ ባለቤት እየሳቁ።

በውሃ እያራስኩ ላጥኩት። ደባርቅ ቤታችን ገብቼ ሁለቱን ገጾች ሳጋጥማቸው ልክ ገጠሙ! በአዲሱ ግማሽ ስድስት ሰዎች ቆመዋል። የአያቴ አባት የትኛው እንደሆኑ የሚያውቁት ግን አያቴ ብቻ ነበሩ።