ሰማንያኛው ቀን በሴቶች ማረፊያ ደጃፍ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ የሴቶች ማረፊያ የሚሉት አንድ ክፍል አለ። ወንድ አይገባበትም። ባለፈው ጾም ባለቤቴና ልጄ ሕፃኗን ይዘው እዚያ ሲገቡ፣ እኔ ዱላዬን ተደግፌ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ።

ልጄ የወለደችው እዚያው ከተማ ነው፤ ዘመድ ቤት ታርሳ ቆየች። ሕፃኗ ሴት ናትና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ቀኑ ያ ዕለት ነበር። አገራችን አማኑኤል ላይ ጎረቤታችን የክርስትና እናት ልትሆን ነጭ ልብስ ገዝታ፣ ማተብ ገምዳ ትጠብቃለች። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ በማለዳ ከተነሣን እንደርሳለን ብለን ነበር።

መንገዱ ተዘጋ። ተራ አስከባሪውን ስጠይቀው፣ "አባባ፣ ይከፈታል ይላሉ" አለኝ። ረፋድ ላይም ያንኑ አለኝ። ስልክ አይሠራም። ልጅቱ ትቆርባለችና ከሦስት ሰዓት ወዲህ ጡት ተከልክላለች፤ ለቅሶዋ በበሩ ይመጣል። ገብቼ እንዳላባብላት ወንድ ነኝ፤ ይዣት እንዳልሄድ መንገድ የለም።

"ታጥባት?" አለች ባለቤቴ ከውስጥ።

"ካጠባቻትማ ቀኑ አለፈ።"

"እንግዲያ እዚሁ ከተማው እናስነሣት።"

"ክርስትና እናቷ አማኑኤል ተቀምጣ? በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?"

ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ደብረ ኤልያስ የምትመለስ አንዲት ነጋዴ አብራቸው ነበረች። አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ፣

"አባቴ፣ እርስዎ እንደሁ ዘበኛችን ሆነው ቀሩ። እኔ ላንሣት። እህል አልቀመስሁ፤ መንገዱም እንደሆነ እኔንም አላስኬደኝ" አለች።

"ሳናውቅሽ?"

"እርስዎ ባያውቁኝ እሷ ታውቀኛለች። ከጧት ጀምሮ ያቀፍኋት እኔ ነኝ።"

ቀትር ሆነ። የልጅቱ ድምፅ እየሰለለ ሲሄድ፣ ተነሡ አልሁ።

ሴትዮዋ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ፣ እየሄደች ማተብ ገመደች። በቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ልጅቱ ተጠመቀች፣ ቆረበች።

ስንመለስ መንገዱ እንደተዘጋ ነው። እነሱ ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ እኔም ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። ልጅቱ ጡት ይዛ ዝም ብላለች። ጎረቤታችን ግን በዚያ ሰዓት ነጩን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጣለች። አትጠብቂ የሚላት አልነበረም።