መህሬ የሰው ንብረት ነበር

ያገባሁት ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው፤ ከሚሴ፣ አባቴ ግቢ በተጣለ ዳስ። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትዳሬም አልፈረሰም። ግን ያን ጊዜ የተደረገብኝን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ "ተይው፣ አልፏል" ይለኛል። ስላላለፈልኝ ነው የምጽፈው።

ጋብቻው በሚታሰርበት በኒካሁ ቀን የባሌ የሰዒድ ወገኖች ጥሎሽ ይዘው መጡ። ሻንጣው በሴቶቹ ፊት ተከፈተ። ቀሚሱ፣ ሻሹ፣ ጫማው፣ ሽቶው እየተነሳ ታየ። በመጨረሻ አማቴ፣ የሰዒድ እናት፣ ወፍራም የወርቅ ሀብል አውጥተው ከፍ አድርገው አሳዩ። እልልታው ቀለጠ። አክስቶቼ እየተቀባበሉ በእጃቸው መዘኑት። ሀብሉ ከሥሩ ትንንሽ የወርቅ ቅጠሎች ተንጠልጥለውበታል። ከመሃል አንዷ ወልቃለች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ወንዶቹ ዘንድ ሸሁ መህሩ፣ ሙሽራው ለሙሽራዋ የግድ የሚሰጣት ስጦታ፣ ምን እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ "ሀብሉ ነው" አለ። የሰዒድ አባትም "አዎ፣ ሀብሉ ነው" አሉ። ምስክሮች ሰሙ። እኔም ጓዳ ሆኜ በግድግዳው ሰማሁ። መህር የሴቷ የራሷ ነው፤ አባቷም ባሏም አይነኩትም። ይህን ቁርኣን ቤት ሳለሁ ተምሬአለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

በስምንተኛው ቀን አማቴ ቤቴ መጡ። "የወለቀችውን ቅጠል ላስተክልልሽ። ባቲ የማውቀው ወርቅ ሠሪ አለ" አሉኝ። ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠኋቸው።

ወር አለፈ። ስጠይቃቸው አንዴ "ወርቅ ሠሪው ታሟል"፣ አንዴ "ምን አስቸኮለሽ?" ይሉኛል። ሰዒድን ብጠይቀው ዓይኑን እያሸሸ "እናቴን ሌባ ልታደርጊያት ነው?" አለኝ። አፈርኩና መጠየቁን ተውኩ።

በአራተኛው ወር ከጎረቤቴ ጋር ጨፋ ሮቢት ሰርግ ሄድኩ። የሙሽራዋ ዘመድ ጎረቤቴ እንጂ እኔ ማንንም አላውቅም። እዚያም ሻንጣ ተከፈተ፤ የሙሽራው እናት አንድ በአንድ እያነሳች አሳየች። መጨረሻ ላይ ሀብል ወጣ። ሴቶቹ ሲቀባበሉት እኔ እጅም ደረሰ። ከመሃሉ አንዲት ቅጠል የለችም።

ወደ ሙሽራው እናት ጠጋ ብዬ "እናቴ፣ ይህን ከየት ገዛችሁት?" አልኳት።

"ምነው ልጄ?"

"የኔ መህር ነው።"

ክንዴን ይዛ ከዳሱ ጀርባ ወሰደችኝ። ትቆጣኛለች ስል እጆቼን ይዛ ትለምነኝ ጀመር። "በአላህ ይሁንብሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። የአንዲት ነጋዴ ንብረት ነው፤ ለሰርግ ታከራያለች። ሰርጉ ሲያልፍ እንመልስላታለን። የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኳት። ትክ ብላ አየችኝና "ነጋዴዋን ያሳየን እኮ አባትሽ ነው" አለችኝ።

ሙሽራዋ ጓዳ ውስጥ ተሸፍና ተቀምጣለች። እልልታውን ትሰማለች። ምንም ሳልነግራት ወጣሁ።

ከመኪና እንደወረድኩ በቀጥታ አባቴ ቤት ገባሁ። በረንዳው ላይ ጫቱን ይቀነጥሳል። ስለ ሀብሉ የሰማሁትን ነገርኩት። አልካደም።

"ኢንተለ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። "እነሱ አቅም የላቸውም። የኔ ልጅ በባዶ አንገቷ ሄደች ይባል? ለሰው ዓይን ነው ያደረግነው።"

"በባዶ አንገቴ ብሄድስ? አንዲት ጊደር መህርሽ ናት ብትሉኝ እምቢ እል ነበር? ኒካህ ላይ ዋሻችሁ።"

"አባትሽን ሸህ ዘንድ ልትከሽ ነው?"

"አዎ" አልኩት።

ሄድኩም። ሸሁ ሁለቱንም ወገን ጠሩ። ሰዒድም ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር ያን ዕለት አመነ። ለካ የማላውቀው ባለ መህሯ እኔ ብቻ ነበርኩ። አማቴ መሬት መሬት አዩ። አባቴ ግን እኔን ነበር የሚያየው፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። ሸሁ "እኔንም ምስክሮቹንም ለውሸት አስቀመጣችሁን" አሉ። የሀብሉ ዋጋ በሰዒድ ላይ ዕዳ እንደሆነም ተናገሩ።

"የሀብሉን ዋጋ አልፈልግም። የምትችሉትን ስጡኝ፤ የሚሰጠኝ ግን የናንተ ይሁን" አልኳቸው።

እሑድ ሰንበቴ ገበያ ከሰዒድ ጋር ወርጄ ራሴ መረጥኩ፤ አንዲት ቀይ ጊደር ተገዛችልኝ። መህሬ እሷ ሆነች። ከሰዒድ ጋር ቀስ በቀስ ታረቅን። ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ከልቡ እንደሆነም አምኜለታለሁ። አባቴ ግን የመጀመሪያ ልጄ እስክትወለድ አላናገረኝም። ከዚያ በኋላም አጠፋሁ ሳይል ሞተ፤ አላህ ይማረው።

በድህነታቸው አልተቀየምኩም፤ ድህነት ጥፋት አይደለም። የሚያንገበግበኝ እኔ ሳልሆን የመንደሩ አፍ መከበሩ ነው። አባቴ ያከበረኝ መስሎት በኔ አንገት የራሱን ስም አስጌጠ። ዛሬም ሰርግ ቤት ሻንጣ ሊከፈት ሲል ተነስቼ ውጭ እቆማለሁ።

በራሴም እናደዳለሁ። ስለ ራሴ ሸህ ዘንድ ድረስ ሄጄ ተከራክሬአለሁ። ያቺን የጨፋ ሮቢት ልጅ ግን እያወቅኩ ትቻት ወጣሁ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኩም።